አራተኛው ፖስታ

ዶክተር አምሐ የቆጋ ቦይ ውኃ ማሳ ሳይደርስ የት እንደሚጠፋ በሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ጽፎ የዶክትሬት ማዕረግ ከጫነ ሁለት ዓመት ሆነው። ሁለቱንም ዓመት ሥራ የለውም። ውኃውም እስካሁን ይጠፋል።

ባሕር ዳር ውስጥ የእሱን ትምህርት የሚያስተምር መምህር የሚፈልግ ኮሌጅ አንድ ብቻ ነበር። ጥንቁቅ ኮሌጅ ነው። የአመልካቹን እውቀት ከመመርመሩ በፊት ፖስታውን ይመረምራል። የአማካሪው የድጋፍ ደብዳቤ ታሽጎ መቅረብ አለበት፤ አማካሪውም የፖስታው ክዳን መጋጠሚያ ላይ መፈረም አለበት፤ ፊርማው ከተነካ ማመልከቻው ይወድቃል። እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣ ሰው ሀገሩን አጥብቆ የሚወድ መሆን አለበት።

የአምሐ ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሁለቱንም ጊዜ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ምክንያት ያው ነው፦ «ፖስታው ተከፍቶ ተገኝቷል።»

ለሦስተኛው በሄደ ጧት እናቱ ወለተ ጊዮርጊስ ከደሴቱ ኪዳነ ምሕረት የመጣ ጠበል በትንሽ ጠርሙስ ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችው። የመሪጌታ ሚስት ነበረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዶክተር እስኪባል ፈተና ባለበት ቀን ሁሉ ሳትረጨው ሸኝታው አታውቅም።

«እማዬ፣ መነጽሬን! እኔ እኮ አሁን ዶክተር ነኝ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ይሁን፣ አባቴ። አንተን አልረጭህም» አለችና ክዳኑን መለሰች።

ከዚያ እንደ ወትሮው የማመልከቻውን ፕላስቲክ ማኅደር ይዛለት ቆመች፤ እሱ መስታወቱ ፊት ከረባቱን አሰረ፣ ጫማውን ወለወለ።

የኮሌጁ መዝገብ ቤት ሠራተኛ የብርጓል ትባላለች። ከጀርባዋ ምድጃ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ ከጧት እስከ ማታ ይንፈቀፈቃል። አምሐ የተዘጋውን ማኅደር በመስኮቱ አቀበላት።

«ከፍተው ይዩልኝ፣ ወይዘሮ የብርጓል።»

«እዚህ አይከፈትም፣ ዶክተር። ጊዜው ሲያልቅ ኮሚቴው ፊት ነው የሚከፈት። ደንብ ነው።»

«የእህትዎ ልጅ ኪሩቤል እንዴት ነው? አሁንም በጊዜያዊነት እያስተማረ ነው?»

«አዎ፣ ይመስገን። ሰው እስኪገኝ።»

ሰው እስኪገኝ! አምሐ ጥርሱን ነክሶ ወጣ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሦስተኛውም ወደቀ። አምሐ ፖስታውን ካላየሁ አልሄድም ብሎ መስኮቱን ደበደበ። የብርጓል አምጥታ አሳየችው። ክዳኑ ተጨማዶ ተላቋል፤ የአማካሪው ፊርማ ሰማያዊ ሆኖ ፈሷል።

«ማኅደሩ ሲከፈት እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘነው» አለች።

አምሐ ወረቀቱን በጣቱ ዳበሰ። ስድስት ዓመት የውኃን ስርገት ያጠና ሰው ነው። ከርጥበት ዱካ ተነሥቶ ውኃው ከየት እንደመጣ መናገር ሙያው ነው። ቀና ሲል ማንቆርቆሪያውን አየ።

«እንፋሎት!» ብሎ ጮኸ። «በሻይ እንፋሎት ነው የከፈቱት! ለእህትዎ ልጅ ብለው ነው!»

አቤቱታው ስድስት ገጽ ከግርጌ ማስታወሻ ጋር ነበር። ከማንቆርቆሪያው አፍ እስከ መደርደሪያው ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ለክቶ ሥዕሉን አያይዞበታል። ለአንዱም ማመልከቻው በወር መልስ ሰጥቶት የማያውቀው ኮሌጅ ለዚህ በአራት ቀን መልስ ሰጠ። እንዲህ ያለ የጠራ ምርምር ቀርቦለት አያውቅም። የብርጓልን ከዐሥራ ሰባት ዓመት ሥራዋና ከደመወዟ አገዳት፤ ኪሩቤልንም አሰናበተው። ማኅደር ከእንግዲህ በቀጥታ ለዲኑ እንዲሰጥ ታዘዘ። ቦታው ለመጨረሻ ጊዜ ማስታወቂያ ወጣበት፤ በዚህ ዙር ሰው ካልተገኘ ይሰረዛል።

የብርጓል ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ በር ላይ ተገናኙ።

«እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ ዶክተር። እኔ ሻይ እንጂ ሌላ አፍልቼ አላውቅም።»

«ለኮሚቴው ይንገሩ!» አላት። ሁለት ዓመት የታፈነ ንዴት ነው፤ ድምፁ ዘበኛውን ሁሉ አስደነገጠ።

አማካሪው ፕሮፌሰር ዳኘው ጡረታ ወጥተው ጎርጎራ ይኖራሉ። አምሐ ለአራተኛ ጊዜ ሄደባቸው። ሽማግሌው በቀለም ብዕራቸው ክዳኑ ላይ ፈረሙ።

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ። ከዚህ ሌላ ደብዳቤ ከእኔ አትጠብቅ።»

«አይጨነቁ፣ ጋሼ። ሌባዋ ተይዛለች።»

በማስገቢያው ቀን ጧት አምሐ ፖስታውን በብርሃን አገላብጦ አየ፤ በእጁ ዳበሰው። ደረቅ ነው፤ ጥብቅ ነው፤ ፊርማው ጎርጎራ ላይ እንደ ተፈረመው ነው። ማኅደሩ ውስጥ ከቶ ዘጋውና ለእናቱ አስያዛት። መስታወቱ ፊት ቆሞ ከረባቱን ሲያስር ለዲኑ የሚለውን ይለማመድ ነበር፦ «ማኅተም የማያከብር ተቋም እውቀት አያከብርም!» ደጋግሞ ለወጠው። ጫማውንም ሁለት ጊዜ ወለወለ።

ማኅደሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ባጃጅ ውስጥ ገባ። በሕይወቱ እንደዚያ ጧት እርግጠኛ ሆኖ አያውቅም።

ባጃጁ በሐይቁ መንገድ ታጥፎ ሲጠፋ ጎረቤታቸው ሸጊቱ አጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ወለተ ጊዮርጊስ፣ ዛሬስ ጠበሉን እሽ አለሽ?»

«እሱማ ዶክተር ነኝ ካለ ወዲህ መች ያስነካኛል!» አለች እናቱ፣ ባዶውን ጠርሙስ ደረቷ ላይ አቅፋ፤ «ሦስቱን ጊዜ ደብዳቤው ላይ በጥቂቱ ነበር የረጨሁለት፤ ዛሬ ግን ጠርሙሱን ጨረስሁለት።»