ሰባት የድንጋይ ቁልሎች

ጡረታ የወጣው ቀያሽ በዓመት አንዴ ለአሥር ቀን ከሰው ይሸሻል። ሚስቱ ከሞተች፣ ልጁም እሱ ዓይኑን ማየት እንኳ ያልፈለገውን ሰው አግብታ ከሄደች ወዲህ ይህን ልማድ አላቋረጠም። ስልክ ወደማይሠራበት የበረሃ ሸለቆ ይገባና ድንኳኑን ይተክላል። የሚተክልበትንም ጥግ በየዓመቱ ይለውጣል፤ ማንም እንዲያገኘው አይፈልግማ።

ዘንድሮ ግን በሦስተኛው ቀን አንድ ጢማም ሰው ከች አለ። ያን ሁሉ ባዶ በረሃ ትቶ ከቀያሹ መቶ እርምጃ ላይ ቀይ ድንኳን ተከለ። ድንኳኑ አራት ሰው ያስተኛል።

«ግብረ አበሮቹ ገና ሊመጡ ነው» አለ ቀያሹ በሆዱ።

ከሰዓት በኋላ ጢማሙ በሩቅ ማያ መነጽር ሲሰልለው ያዘው። ሰውየው ከኪሱ አንዲት ወረቀት አውጥቶ እሷን አየ፣ ቀያሹን አየ፣ መልሶ ከተታት።

በማግስቱ ጠዋት መጣ።

«እንደምን አደሩ አባቴ? ብቻዎን ነዎት?»

«ብሆንስ?»

«ምንም፣ እንዲያው ነው። ውሃ በቂ አለዎት? ሰው ቢጨመር ማለቴ ነው።»

«ለራሴም አይበቃኝ። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው እኔ አፍንጫ ሥር የሰፈርከው?»

ሰውየው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እስከ መቼ ይቆያሉ?»

«ምን አገባህ!»

ጢማሙ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ቀያሹ ንዴቱ አናቱ ላይ ወጣ። አርባ ዓመት መሬት ሲለካ ስንቱን አጭበርባሪ አይቷል! ብቻህን ነህ ወይ፣ ውሃህ ስንት ነው፣ መቼ ትሄዳለህ የሚል ሰው ምን እንደሚፈልግ ለእሱ አይነገረውም።

በዚያው ዕለት ወደ ሸለቆው አፍ ሲወርድ ቁልሎቹን አገኘ። ሸለቆው ለሁለት ከሚከፈልበት ጀምሮ፣ በቀኝ በኩል፣ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ቁልል በየሁለት መቶ እርምጃው ተክቧል። ሰባት ናቸው። ከሰባተኛው ላይ ቆሞ ቀና ሲል የራሱን ድንኳን አየ።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» አለ ጥርሱን ነክሶ። ዕቃውን ጠቅልሎ መሄድ ይችል ነበር። ግን ለሌባ ቦታ ለቆ አያውቅም፤ በዚህ ዕድሜውም አይጀምርም።

ዕድሜውን ሙሉ የወሰን ድንጋይ የሚያንቀሳቅስ ሰው ሲያይ ደሙ ይፈላ ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግን ሰባቱንም ራሱ አፈረሰና በግራው ሸለቆ መልሶ ካባቸው። እጁ ሙያውን አልረሳም፤ ርቀቱ እኩል፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ከአንዱ ሲቆሙ ሌላው ቁልጭ ብሎ የሚታይ። ማንም አይቶ አይጠራጠርም።

ግራውን በደንብ ያውቀዋል። በጎልማሳነቱ ሊለካው ገብቶ ምላሱ አብጦ በሰው ሸክም ነው የወጣው። ውሃ የለ፣ ጥላ የለ፤ መጨረሻው ደግሞ ሳያስቡት እግር ሥር የሚከፈት ገደል ነው።

ሲመለስ ከሸለቆው አፍ የመኪና ድምፅ ሰማ። መኪናው ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ ሄደ።

«ግቡላ!» አለ ቀያሹ። ደስ አለው። እንዲህ ደስ ካለው ቆይቷል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጢማሙ መጣ። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ዓይኑ ግን ወደ ሸለቆው አፍ ይመላለሳል።

ቀያሹ የድንኳን መዶሻውን አነሣ። «የምትጠብቀው ሰው አለ አይደል?»

ሰውየው ክው አለ። «አወቁ እንዴ?»

«ገና ከመጀመሪያው!»

ሰውየው እፎይ አለ። ወረቀቷን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋለት። ፎቶግራፍ ነበረች፤ ቀያሹ ራሱ በወጣትነቱ አንዲት ትንሽ ልጅ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ይስቃል።

«ይቅር ይበሉን አባቴ። ልጅዎ ‹ቀድመህ አግኘው፣ ዓይንህን ከእሱ እንዳትነቅል፣ ከሸሸ አናገኘውም፤ የቀረውን እኔ እነግረዋለሁ› ብላኝ ነው ዝም ያልኩት» አለ። «መንገድ እንዳይጠፋት ድንጋይ ከምሬላታለሁ፤ ያመጣቻትን መኪና ጠዋት ሰምቻለሁ፤ ልጃችንን አዝላ እሱን ተከትላ እስካሁን መድረስ ነበረባት።»