የአሥራ አንድ ዓመቷ ቱቦ

«ማላቲ፣ መኪናው ቆሟል! ሾፌሩ ጡሩምባውን ሊሰብረው ነው» አሉ ባሳቫና ከበሩ ላይ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ።»

«አምስት ደቂቃሽን አውቃታለሁ። ተማሪ ሳለሽም አምስት ደቂቃ እያልሽ ነበር እራት የምታሳልፊብኝ።»

ቤተ ሙከራውን ሠላሳ ዓመት የጠበቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ቢቆጧት አይከፋትም። ይህ የቤንጋሉሩ አሮጌ ሕንጻ ሊፈርስ ነው። ሳይጫኑ የቀሩት ማይክሮስኮፑና ጣት የምታህል ጠፍጣፋ የብርጭቆ ቱቦ ብቻ ናቸው። ቱቦዋ ላይ የሟቹ መምህሯ የሼሻጊሪ እጅ ጽሑፍ አለ፦ «አትንኳት፤ ታርጅ።»

ውስጧ ያለው ውሃ ለዓይን በማይታዩ ለስላሳ ቅንጣቶች ጢም ብሏል። ቅንጣቶቹ እየተገፋፉ፣ እየተጨመቁ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ዓመታት ሲደራረቡ እርምጃቸው ይከብዳል፣ አደራደራቸውም መልኩን ይቀይራል። አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ድብልቅ ምን እንደሚመስል ማንም አይቶ አያውቅም። ሼሻጊሪ ቱቦዋን ባሸጉበት ጠዋት «እኔም ልይ» ብትላቸው፣ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ «አንቺ የምታዪያት ካረጀች በኋላ ነው» ብለዋት ነበር።

አንዴ ከተናወጠች ግን ያ ሁሉ ዕድሜ ይጠፋል። መኪናው የሚሄድበት መንገድ ደግሞ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ማየት ያለባት አሁን ነው።

ቱቦዋን አነሳች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ገልብጣ ነቀነቀቻት።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

ማንኛውም ድብልቅ ከመታየቱ በፊት ሦስት ጊዜ ይነቀነቃል፤ ያለፈውን ረስቶ እንደ አዲስ እንዲጀምር። ይህን ያስለመዷት ራሳቸው ሼሻጊሪ ናቸው። እጇም ሃያ ዓመት የለመደውን አደረገ።

«ምነው?» አሉ ባሳቫና።

«ነቀነቅኳት።» እንባዋ መጣ። «በገዛ እጄ፣ ባሳቫና!»

ሽማግሌው ወንበር ሳቡላት። «መምህርሽም አንድ ጊዜ የስድስት ዓመቷን ቱቦ እንዲሁ አድርገዋታል። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር።»

ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተቀላቀለ። ቱቦዋን ማይክሮስኮፑ ሥር አኖረችና ጎንበስ አለች።

ቅንጣቶቹ ይርመሰመሳሉ። አንዱ ሌላውን ገፍቶ ይሾልካል፣ የተጨመቀው መልሶ ይነፋል፣ የቆመ የለም። ያን ጠዋት፣ ቱቦዋ ገና አዲስ ሳለች፣ ሼሻጊሪ እንዳታይ የከለከሏት ይህንኑ ነበር።

ጡሩምባው እንደገና ጮኸ። ማላቲ ዓይኗን አላነሳችም።