እጀታው ሲከብድሽ

ቁጭ በሉ እስቲ፣ ወንበር አታንቋቁ! አንቺም ስልኩን ተይና እየሰማሽ ጻፊ።

ፊቤን ከአየር ማረፊያ የተቀበላት ሲላስ ነው። በፎቶ ታጭታ ከሆሳዕና ስትመጣ፣ ሻንጣዋን ተሸክሞ፣ ታክሲ ይዞ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቤኖኒ ከተማ ድረስ። ሠርጉ ላይም ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ አጠገቧ ቆመ። ዞር ብላ ሳቀችለት። በቃ፣ ልቡ እዚያው ቀረ።

ከሠርጉ ወዲህ ግን ፊቤ ከቤቱ ጋራዥ አልወጣ አለች። እዚያ ጌዴዎን አለ። ጌዴዎን ፈቃድ አውጥቶ ለአዳኞች ጥይት የሚሠራ ሰው ነው። ጣት የምታክል ባዶ የመዳብ ሽፋን ያነሳል፣ ውስጧ የእርሳስ ቁራጭ ይከታል፣ መጫኛው ማሽን፣ ፕሬሱ ላይ አድርጎ እጀታውን ጫን!

«እርሳሱ ሞልቶ ሲቀመጥ እጀታው ይከብድሻል» ይላታል፣ እጇን ከላይ ይዞ። «እዚያ ጋ አቁሚ። ከገፋሽ ሽፋኗ ትሰነጠቃለች።»

«እንዲህ?»

«ቀስ! ሻርፕ፣ እንዲያ ነው! ጎበዝ!»

ሲላስ በር ላይ ቆሞ ያያል። እጇን ምን አስያዘው? አፍ የለውም?

ፊቤ ቀና ትልና፣ «ወንድም ሲላስ፣ ሻይ ጠጣህ?» ትለዋለች።

ወንድም! እንደ ቸርች አስተናጋጅ! ለሌላው ሳቅ፣ ለእሱ ሻይ። ይሄዳል፣ ሶፋው ላይ ይጋደማል፣ ጣራ ያያል። የጌዴዎን ሳል ሳይቀር ያናድደዋል። ዳቬይተን ሰፈር ያለው ሱቁን ለሰው ትቶ ስንት ቀኑ!

ዛሬ ግን ቆረጠ። የኬፕታውን አውቶቡስ ትኬት ለሁለት ሰው ገዝቶ ገባ። ወይ አብራው ትሄዳለች፣ ወይ ዓይኗን ዳግመኛ አያይም።

«ፊቤ፣ ተነሺ፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ይሄ ሰውዬ እጅሽን የማይዝበት ቦታ።»

እጀታውን ለቀቀችው። «ቀልድህን ነው አይደል?»

«ምን ቀልድ አለው! አንቺ አይደለሽ እንዴ የሳቅሽልኝ? ያን ሁሉ ሰው ትተሽ ለእኔ?»

ፊቤ ፊቷ ቀላ። ጌዴዎን የእጁን ቅባት በጨርቅ ጠረገ፣ ጨርቁን አስቀመጠ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ሲላስ» አለው፣ «ሚዜ ሁነኝ ብዬ የለመንኩህ እኔው ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ግን ሚስቴን ተዋትና ከቤቴ…» ቆዩኝ እስቲ፣ በር ተንኳኳ። አቤት! መጣሁ፣ መጣሁ፣ ማነው እሱ—