ቀጭኑ ሮተር

«ወፍራሙን ግጠም፣ አበልጄ» አለው ምንተስኖት፣ የትንሿን የሪሞት መኪና ሞተር እያገላበጠ፣ ውስጡ ስለሚሽከረከረው ማግኔታም ዘንግ ሲመክረው። «ከኩርባ ስትወጣ ጉልበት የሚሰጣት ወፍራም ሮተር ነው። ቀጭኑማ ሙቀት በልቶት ማግኔቱ ሞቷል፤ አምጣው፣ እኔው እጥልልሃለሁ።»

ሰጠው። የሪሞት መኪና እሽቅድምድም ያስለመደው፣ የበኩር ልጁን ናትናኤልንም ክርስትና ያነሳለት ሰው አይዋሸኝም ብሎ ሰጠው።

በውድድሩ ቀን የእሱ መኪና ከኩርባው እንደተባለው ተስፈንጥራ ወጣች። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን የምንተስኖት መኪና አቧራዋን አልብሳት ሄደች።

ቅር አላለውም። ሮጦ አበልጁን አቀፈውና «እጅህ ይባረክ!» አለው።

ዳኛው እንደ ደንቡ የአሸናፊዋን ሞተር ሁሉም እያየ ፈታው። ከውስጡ ለቀጥታ መንገድ ፍጥነት የሚሰጥ ቀጭን ሮተር ወጣ። ለክቶ «ሕጋዊ ነው» አለና ተወዳዳሪዎቹ እንዲያዩት አሳለፈው። ከእጅ እጅ ዞሮ የናትናኤል አባት መዳፍ ላይ ሲደርስ ገና ትኩስ ነበር።

«እንዲህ ያለውን ከየት አገኘኸው?» አለ በአድናቆት።

«ከዱባይ ነው፤ ዘመድ ላከልኝ» አለ ምንተስኖት።

አበልጁ ሮተሩን ገለበጠው። ጫፉ ላይ፣ በክርስትናው ዕለት ለገድ ይሁነኝ ብሎ ራሱ በመርፌ የጫራት፣ የናትናኤል ስም መነሻ ፊደል ቁጭ ብላለች።