በነጠላ የተጠረገ ቅጠል

ማንአለሽ ማጭዷን ጨብጣ ማሳዋ ዳር ቆመች። ስንዴዋ ቢጫ ነጠብጣብ ወጥቶበታል፤ የዓመት እንጀራዋ ደግሞ እሱው ብቻ ነው።

«ዋግ ነው ስልሽ! ወደኔ ሳይሻገር፣ ሳይደርቅም ለከብት እጨጂው» አላት ጎረቤቷ አያ ክንዱ፣ ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ። ከድንበሩ ማዶ ያለው የእሱ ስንዴ ለምለም ነው።

ጎንበስ ስትል፣ የሰብል ትምህርት የምትማረው ልጇ የትናየት ክንዷን ያዘቻት። «ቆይ እማየ! ቅጠሉ ውስጥ ክሎሮፕላስት የሚባሉ አረንጓዴ ቅንጣቶች አሉ። ምግቡን የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ በሽታ ሲገባም ቀድመው ያውቃሉ። የተነካው ቦታ እንዲደርቅ ያደርጋሉ፣ በሽታው እዚያው እንዲቀር። ስንዴሽ እየታገለ ይሆናል።»

«ቅጠልም ይዋጋል አሉ!» ሳቀ ክንዱ።

ማንአለሽ ግን የነጭ ነጠላዋን ጫፍ ቅጠሉ ላይ ጠቅልላ ሳበችው። ዋግ ቢሆን ቀይ ዱቄቱ ጨርቁ ላይ ይቀር ነበር። ንጹሕ ነው። ሌላም፣ ሌላም ጠረገች። ንጹሕ።

«እስቲ አምጪው» ብሎ ክንዱ ነጠላውን ተቀበላትና የራሱን ለምለም ስንዴ ከሥር በኩል ጠረገ። ነጩ ጨርቅ በርበሬ የተደፋበት መሰለ።

ሳቁ ጠፋ። ማጭዱን ቀስ ብሎ ከትከሻው አወረደ። ማንአለሽም የራሷን እንደጨበጠች ድንበሩን ተሻገረች።

«በል አያ ክንዱ» አለችው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ሳይደርቅ አብረን እንጨደው።»