ከማዶ የተጣራችው ኦክቡን

ጀልባ ቀዛፊው ቹንሳም የጨው ዓሣ ነጋዴዋን ኦክቡንን ይንቃታል። ጉምጋንግ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ቦታ ላይ ከሚሻገሩት ሁሉ ሆን ብሎ የሚያስጠብቃት እሷን ነው።

አንድ ቀትር፣ የባሕሩ ሙላት ወንዙን ሽቅብ መግፋት ሲጀምር፣ ብቻዋን አሳፍሯት ወደ ማዶ ቀዘፈ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ማሰሮሽን ክደኚው! ግማቱ ገደለኝ እኮ!" አላት። ጀርባዋን እንደሰጠችው ተቀምጣለች።

ወንዙ መሃል ሲደርሱ፣ ከሚሄዱበት ዳርቻ ድምፅ ተሰማ።

"አያ ቹንሳም! ኧረ አሻግረኝ!"

ቀና ብሎ አየ። ኦክቡን ማሰሮዋን አናቷ ላይ ተሸክማ፣ ጭቃው ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። መቅዘፊያውን መግፋት አቃተው።

ጀልባዋ ላይ ያለችው ፊቷን ሳታዞር፣ "ምን ያስፈጥጥሃል? ሴት አይተህ አታውቅም? ቅዘፍ!" አለችው።