መቃብር ድምፅ የለውም

«ወይዘሪት ሰብሳቢ፣ ኦሪን ታትል በሕይወት ቢኖር ይሄን አያስደርግም ነበር» ይላሉ ኤልቫ ማርሽ፣ የፊታቸውን ወንበር ጀርባ ጨብጠው ቆመው።

የከተማው ሰው በየዓመቱ ተሰብስቦ በጉዳዮቹ ላይ ድምፅ የሚሰጠው እዚህ፣ የትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። ኮረብታው አናት ላይ ያለው ቤት የሳቸው ብቻ ነው። ዛሬ የቀረበው ሐሳብ ካለፈ፣ ከተማው በክረምት መንገዳቸውን ከበረዶ መጥረግ ያቆማል። እሳቸውም ወይ ቤታቸውን ይለቃሉ፣ ወይ በረዶው እስኪቀልጥ ይታሰራሉ።

አቶ ታትል ያረፉት በገና ሰሞን ነው። የከተማው ጠበቃም የዚህ ስብሰባ ሰብሳቢም እሳቸው ነበሩ። ዛሬ መድረኩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ኤልቫ ያሉት እውነት ነው፤ በዚሁ ከቀጠሉም ያሸንፋሉ። የኦሪን ታትል ስም እዚህ ከወንጌል ቀጥሎ ነው። ልጁ የታሰረበት አባት ጎህ ሳይቀድ በራቸውን ሲያንኳኳ፣ በቤት ጫማቸው ወጥተው መኪና የሚያስነሱ ሰው ነበሩ። ቢሯቸው አንድ ምድጃ ብቻ ነበረው። የተጣሉ ጎረቤታሞች ክረምት ላይ ጎን ለጎን እጃቸውን እያሞቁ ተራ ሲጠብቁ፣ ስንቱ ክስ እዚያው ምድጃ ዳር ቀረ። ሁለተኛ ምድጃ እንግዛ ብላቸው፣ «እሱን የገዛሁ ቀንማ ክሱ በዝቶልኝ ሀብታም እሆናለሁ» አሉኝ።

እኔንም ዩኒቨርሲቲ ያልረገጥኩትን መጽሐፋቸው ፊት ያስቀመጡኝ እሳቸው ናቸው። በቨርሞንት፣ በጠበቃ ሥር ሕግ አንብቦ ለጥብቅና ፈተና መቀመጥ ይቻላል። ወሬኞች «ኦሪን ሰው አጥቶ ከላም በረት ተማሪ አመጣ» ብለዋል። እነሱን ከሰማሁ በኋላ ላሞቹ ናፍቀውኛል።

መንገዱ እንዲጠረግ እፈልጋለሁ። ሰብሳቢ ግን ፍላጎቱን በር ላይ ከካፖርቱ ጋር ሰቅሎ ነው የሚገባው።

አንድ ዓመት ዱዌን ፒኬት ተነሥቶ «አባቴ ቢኖር ይሄን ግብር አይቀበልም ነበር» አለ። አቶ ታትል በመነጽራቸው አናት አዩት። «አባትህን እወዳቸው ነበር። ግን መቃብር ድምፅ የለውም። አንተ የምትለውን በል» አሉት።

የበረዶ መጥረጊያውን መኪና የሚነዳው ያው ዱዌን ነው። ባለፈው ወር የኤልቫን መንገድ ሲጠርግ ከነመኪናው ተንሸራቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው የቆመው። መጠረጉ ይቅር ብሎ ሐሳቡን ያቀረበውም እሱ ነው። አሁን እጁን አጣምሮ ያየኛል።

«እህ፣ ሰብሳቢዋ፣ ሕጉ ለወዳጅ አይሠራም እንዴ?»

«ዱዌን፣ ተራህ አይደለም። ቁጭ በል።»

«ቁጭ ብያለሁ እኮ።»

«እንግዲያው አፍህም ይቀመጥ።»

ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም፤ የተናገረው ትክክል ነው።

«ወይዘሮ ማርሽ» እላለሁ። «መቃብር ድምፅ የለውም። ስለ አቶ ታትል ያሉት አይያዝም። በራስዎ ስም፣ ስለ መንገዱ ይናገሩ።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ሰውየው ለወግ አብቅቷት!» ስትል ይሰማኛል። ጆሮዬ ይግላል።

ኤልቫ ትክ ብለው ያዩኛል። «ቁርጥ እሱን ነሽ» ይላሉ። ምርቃት አይመስልም።

«እሺ፣ በራሴ ስም። እዚያ ቤት ተወለድኩ። ሌላ ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም። ጨረስኩ።»

እንደ ልማዱ በአፍ ድምፅ ይሰጥ እላለሁ። «ይጠረግ» ከሚለውና «ይቅር» ከሚለው ጩኸት የትኛው እንደሚበልጥ አይለይም፤ ዱዌን ብቻውን የአምስት ሰው ጉሮሮ አለው።

«ተነሡና ተለዩ። ይጠረግ የምትሉ በመስኮቱ በኩል፣ ይቅር የምትሉ በበሩ በኩል።»

ወንበሮች ይንጫጫሉ። ሰው ወደየወገኑ ሲጎርፍ ኤልቫ በባዶ ወንበሮች መካከል ይቀራሉ፤ ጉልበታቸው እንቢ ብሏል። ከበሩ በኩል አንድ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ዱዌን ነው።

«ይያዙኝ፣ እማማ ኤልቫ።»

«መንገዴን ልትዘጋብኝ አይደል?»

«አዎ። እስከዚያው ግን ላድርስዎ።»

ክንዱን ይይዛሉ። ቀስ እያሉ፣ እሱም እርምጃውን ከሳቸው ጋር እያሳጠረ፣ አዳራሹን ያቋርጣሉ። በመስኮቱ በኩል ሰው ከመብዛቱ የተነሣ፣ ለሳቸው የሚሆን ቦታ ለመልቀቅ ትከሻ ለትከሻ ይጣበቃል። ለመቁጠር ዓይን ብቻ ይበቃል።

ዱዌን እሳቸውን አድርሶ ይዞራል፤ በበሩ በኩል ወደቆሙት ጥቂቶች፣ ባዶውን ወለል ብቻውን አቋርጦ ይመለሳል። የቦት ጫማው ድምፅ ጣሪያው ድረስ ይሰማል።

ቦታው እስኪደርስ መቁጠር አልጀምርም። ሲደርስ፣ ከሱ ወገን እጀምራለሁ።